የፋሲካው በግ ቆዳ ሳይደርቅ የዘመተው ሚሊሺያ አያቴ

ከሦስት ሳምንት በፊት የቤተሰብ ታሪክ የሚወራበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። ክሩ፣ ማለትም ጥያቄዬና ከሥሩ የተቀጣጠለው የመልስ ሰንሰለት፣ አሁን 19 መልስ ደርሷል። ከመሀል የገባ ሰው ሁሉ ግራ እየተጋባ ስለጠየቀኝ፣ የሆነውን ከላይ እስከ ታች በተራ ልንገራችሁ። የሰዎቹን ጽሑፍ አልገለብጥም፤ የነገሩኝን በራሴ አፍ ነው የማወራው።

መነሻው ጥያቄ

የጠየቅኩት ስለ አያቴ ነው፤ ስለ አባቴ አባት። የመርሐቤቴ ገበሬ ነበር። ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ፣ አልተመለሰም። ሲሄድ 27 ዓመቱ ነበር። እኔ ዘንድሮ 34 ሞላኝ፤ በዕድሜ እበልጠዋለሁ ማለት ነው። ቤታችን ውስጥም እንደ ወጣት ነው የሚወራው። ስለዚህ አንቱ ሳልል «እሱ» እያልኩ ብጽፍ አትቀየሙኝ ብዬ ጀመርኩ።

ሲሄድ አባቴ 6 ዓመቱ፣ አክስቴ 3 ነበሩ። ትንሹ አጎቴ ገና በሆድ ነበር፤ የተወለደው ለመስቀል ሰሞን ነው። ሚስቱን፣ ሴቷን አያቴን፣ ሁላችንም እምዬ ነው የምንላት። እምዬ ዛሬም አለች፤ ጤናዋም ደህና ነው።

በእጃችን ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ጥቁርና ነጭ። ቆሞ ነው የተነሳው። ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። ኮፍያው ጆሮው ላይ ደርሷል። ግራ እጁ ላይ ሰዓት አስሯል፤ ሰዓቱ እንዲታይም ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎታል። እምዬ ያንን ሰዓት አታውቀውም። ቤታቸው ሰዓት የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ከፎቶው ጀርባ ማኅተም አለ። ቀለሙ ለቆ የሚነበበው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው፦ «ራ»። ያንን ይዘን ካራማራ ነው፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት የተካሄደበት የጅጅጋው ተራራ ነው ስንል ኖርን። ትንሹ አጎቴም አድጎ ከተማ ሲገባ፣ የመርሐቤቴ ሚሊሺያ ካራማራ ላይ ነው ያለቀው ሲባል ሰማ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የካቲት 26፣ የካራማራ ድል በሚታሰብበት ቀን፣ ዝክሩን እናወጣለን።

እምዬ ስለሄደበት ቀን የምትለው አንድ ነገር ነው። ፋሲካ ነበር፤ ያረዱት በግ ቆዳ ችካል ላይ እንደተወጠረ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ስሙ ተጠራ። አጎቴ ደግሞ ዓመቱ 1968 ነው ይላል። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። ጥያቄዬ ሦስት ነበር፤ መቼ ዘመተ? የት ወደቀ? ስሙ የተጻፈበት መዝገብ ይኖር ይሆን? አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የዚያ ዘመን መዝገብ የለም ተብዬ ነበር፤ እሱንም ጨምሬ ጻፍኩ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው ሰው ነፍስ ይማር አለኝ። የሱም አጎት በዚያው ዘመን ደብዛው ጠፍቷል። የትውልድ ቀበሌ ሄጄ ሽማግሌ እንድጠይቅ መከረኝ።

ሁለተኛው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። አነጋገራቸው ጨዋ ነው፤ ግን ገሠጹኝ። ለአገር የሞተ ሰው በዕድሜ አይለካም፣ አንቱ ማለት ነበረብህ ነው የሚሉት። ልባቸው እንዳዘነ ያስታውቃል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አያቴን ግን እሱ ማለቴን አልተውኩም፤ እምዬ ራሷ የምትጠራው እንደዚያ ነውና።

መልስ 3

ቁም ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የ1968 ነገር አልተዋጠለትም። ሁለት የተለያዩ ዘመቻዎችን እንዳልደባልቅ አስጠነቀቀኝ። በ1968 ደርግ ገበሬዎችን አሰባስቦ ወደ ኤርትራ ለማዝመት ሞክሮ ነበር፤ ራዛ ዘመቻ የሚባለው ነው። የዘመተው ሰው በወጉ አልሠለጠነም ነበር። ኤርትራ ሳይገባ ድንበሩ አካባቢ ተመትቶ ተበተነ። የታጠቅ ሚሊሺያ ግን የ1969 ነው። ጥሪው የተላለፈው ሚያዝያ 4 ቀን 1969፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ ባሰሙበት ቀን ነው። ሠልጣኞቹ የገቡት በሆለታ መንገድ ወዳለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው፤ ስሙ የዐፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም፣ አባ ታጠቅን ያስታውሳል። ሰኔ 1969 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከሰልፉ ሳምንታት በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ገባ።

እንግዲህ አያቴ የራዛ ከሆነ ካራማራ አይደርስም። የካራማራ ከሆነ ደግሞ 1968 ስህተት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘን 30 ዓመት ኖረናል። እኔ አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር።

መልስ 4

ይህን መልስ አትሜ ይዤዋለሁ። ጸሐፊው ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበትን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር፣ የሚያውቅ ሰው ነው። ከጻፍኩት ሁሉ የበጉን ቆዳ ብቻ ነው የያዘው።

1969ን እንዲህ አሰላው። ዓመተ ዓለሙ፣ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ሲቆጠር፣ 7469፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ስለሚተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ፋሲካን ለማግኘት የሚያስፈልጉት ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ፣ መጥቅዑ 19፣ መባጃ ሐመሩ 23። ጾመ ነነዌ ጥር 23 ገባ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 2 ዋለ። ጥሪው ሚያዝያ 4 ነው። ፋሲካ እሑድ፣ ጥሪው ማክሰኞ። የተወጠረ ቆዳ በሁለት ቀን አይደርቅም።

እኔ በደስታ ዘልዬ ልነሳ ነበር። እሱ ግን ራሱን መልሶ ጠየቀ። የ1968 ፋሲካ ሚያዝያ 17 ነው፤ የራዛ ገበሬም የተሰበሰበው በዚያው ወራት ስለሆነ ቆዳው ብቻውን አይበቃም አለኝ። እምዬ ዓመቱ የተሰየመበትን ወንጌላዊ ታስታውስ እንደሆነ እንድጠይቃት ነገረኝ። 1968 ዮሐንስ ነው፣ 1969 ማቴዎስ።

ያኑ ማታ ደወልኩላት። ለምን እንደምጠይቃት አልነገርኳትም። እሱ የሄደ ጊዜ ዘመኑ ማን ነበር አልኳት። ትንሽ እንኳ ሳታስብ ማቴዎስ አለች። ትንሹን አጎቴን የወለደችው ማቴዎስ አልፎ ማርቆስ በገባ በሳምንታት ውስጥ እንደሆነም ጨመረችልኝ።

ዓመተ ምሕረቱን ጠይቀናት፣ «አታውቅም» ስንል ነበር። የጠየቅናት በኛ አቆጣጠር ነው፣ በሷ አልነበረም።

ከመልስ 5 እስከ 8

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዷ የእናቷን ልደት እንዲያሰላላት ጠየቀችው። ሌላው የሠርጉን ቀን። ሰባተኛው ሰው መጥቅዕ ስትጻፍ በየትኛው ቅ እንደሆነ ይከራከራል። ስምንተኛው ሁሉም ወደ ጉዳዩ እንዲመለስ ለመነ። የባሕረ ሐሳቡ ሰው ግን የሁሉንም ሳይሰለች ሠራላቸው። በዚያው ለኔም አንድ ነገር ጣል አደረገ። የካቲት 26 ቀን 1970 እሑድ ነበር፤ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገብቷል። የካራማራ ድል የቅበላ ዕለት ነው ማለት ነው። እምዬ የድሉን ወሬ የሰማሁት የሥጋ ድስት ለጾም ሳጥብ ነው የምትለው ለዚህ ኖሯል።

መልስ 9

ይኼኛው ሰው መዝገብ ፍለጋ የሚያውቅ ነው። ምክሩ ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም ልዘርዝረው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሰውየው በሠፈር የሚጠራበት ሌላ፣ የክርስትና ስሙ ሌላ፣ ጸሐፊው የመዘገበው ሌላ ሊሆን ይችላል። ኃይሌ የሚባል ሰው በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ሊጻፍ ይችላል። ሥዩምም በሁለቱ ሰ እንደዚያው። በአንዱ ፈልጎ የለም ብሎ መመለስ ትልቅ ስህተት ነው። ሌላው የገበሬ ማኅበር መዝገብ ነው። የዘማች ቤተሰብ መሬት በማኅበሩ ጉልበት እንዲታረስ ይደረግ ስለነበር፣ የዘማቹ ስም እዚያ ሊገኝ ይችላል። የሰኔ 1969ን አዲስ ዘመን ጋዜጣም ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሄጄ እንዳገላብጥ ነገረኝ።

እምዬን ስለ እርሻው ጠየቅኳት። እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ጎረቤት ተሰብስቦ አርሶላታል። ሁልጊዜ የሚያርሱት ግን የራሳቸውን ጨርሰው ነበር፤ የሷ ማሽላ ዘግይቶ ስለሚዘራ ወፍ ይበላው ነበር። በሦስተኛው ዓመት አባቴ በ9 ዓመቱ ሞፈር ጨበጠ። አባቴ ትምህርት ቤት ለምን እንዳልገባ ለኔ ነግሮኝ አያውቅም። ያወቅኩት በዚህ ክር ምክንያት ነው።

መልስ 10፣ 11 እና 12

ድምፁ እዚህ ላይ ተቀየረ። አሥረኛው ሰው ሚሊሺያው ሁሉ ታፍሶ የተወሰደ ምስኪን ነው፣ ጀግና እያላችሁ አታሞኙን የሚል ነገር ጻፈ። አሥራ አንደኛው ቁጣ ሳያሳይ አረመው። አፈሳ ብለን የምናስታውሰው በአብዛኛው ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ የመጣውን ነው። በ1969 ለገበሬ ማኅበራት ኮታ ተሰጥቶ ነው ሰው የተላከው። ከመካከላቸው በፈቃዱ የሄደም፣ ተመርጦ እምቢ ማለት ያልቻለም ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬት ያገኘ ጭሰኛ መሬቴን ሊቀሙኝ ነው ሲባል ይነሳል፤ ይህም መረሳት የለበትም አለ።

አሥራ ሁለተኛው ሁለቱንም ሰደበ። ስድቡን እዚህ አላመጣውም። ገብቼ የጻፍኩት ይህንን ብቻ ነው፦ እምዬ እንደምትለው አያቴ ስሙ ሲጠራ እጁን አላወጣም፣ አላለቀሰምም። ዘሩን ጨርሼ ልሂድ ብሎ ሦስት ቀን ለመነ። አንድ ቀን ሰጡት። በዚያ ቀን የቻለውን አረሰ። በማግስቱ የጀማን ወንዝ ተሻገረ። ይህ ጀግንነት ይሁን ግዴታ እናንተ ወስኑ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስድቡ ቆመ።

መልስ 13

አንዲት ሴት ናት። ታሪኳን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አባቷ በኦጋዴን ጦርነት ተማርኮ ሶማሊያ ታሰረ። ቤተሰቡ ሞተ ብሎ መርዶ ተቀመጠ፤ ተዝካሩም ወጣ። መጋቢት 1980 ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ሲፈራረሙ እስረኛ ሊለዋወጡ ተስማሙ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል አማካይነት ምርኮኞቹ አገራቸው ገቡ። አባቷ ከነሱ አንዱ ነበሩ። ከ10 ዓመት በላይ ታስረው ነው የተመለሱት። እናቷ ሌላ ባል አግብታ፣ ሌላ ልጅ ወልዳ ነበር። አባቷ ደጃፉ ላይ ቆመው ልጆቹን አዩ፤ ውሃ ጠጡ፤ እህታቸው ቤት ሄደው አደሩ። እናቷን አንድም ቀን አልወቀሱም። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እናቷ ከሌላው ባል ለወለደችው ልጅ ሳይቀር ልብስ ይገዙ ነበር።

መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ እምዬ ሌላ ባል አግብታ እንደሆነ ነው። አላገባችም። በ1980 ምርኮኞች ገቡ ሲባል አዲስ አበባ ድረስ ወርዳ፣ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጣ ስትጠይቅ ሰንብታለች። ይህንን ለመድረኩ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መልስ 14

ቃሉ ሸካራ ነው፤ ግን ትክክል ነው። በዚህ አገር የሁሉም ሰው አያት ካራማራ ነው የሞተው፤ ሰሜን የሞተ አያት ያለው አይገኝም ነው የሚለው። መንግሥት 300 ሺህ ይጠጋል ያለው የታጠቅ ሠራዊት ሁሉ ወደ ምሥራቅ አልሄደም። ከነሱ ብዙዎች የተላኩት ወደ ኤርትራ ነው። አሥመራ ስትከበብ፣ ታኅሣሥ 1970 ምፅዋ ላይ ውጊያው ሲጋጋል፣ ባሬንቱ ተከባ ስትቆይ ሚሊሺያ እዚያ ነበር። ድል ስለሆነ ካራማራን እናወራለን፤ ሰሜኑን ስለሚያም ዝም እንላለን አለ። ከዚያ በቀጥታ ወደኔ መጣ። ካራማራ ተራራ ነው፤ ተራራ ላይ ፎቶ ቤት አለ ወይ ሲል ጠየቀኝ።

መልስ 15

የአጎቴ ልጅ ነው። ክሩን ሲያነብ መሰንበቱን አላወቅኩም ነበር። በጣም ተቆጥቷል። የቤተሰብን ጉዳይ አደባባይ አውጥተህ ለማያውቁን ሰዎች ፍርድ አሳልፈህ ሰጠህ አለኝ። የሱ አባት፣ ትንሹ አጎቴ፣ የወለደውን አባት በዓይኑ አላየም፤ ያለው የካቲት 26 ብቻ ነው፤ እሱንም ልትወስድበት ነው ብሎ ወቀሰኝ።

መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እውነቱን ነው፤ ቀድሜ ማማከር ነበረብኝ። እንደዚያው ጻፍኩለት። ፍለጋውን ግን አላቆምም አልኩት፤ እምዬ እያለች ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛው ሰው ያረጀ ወረቀት የማንበብ ልምድ አለው። ፎቶውን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከወረቀቱ እኩል ዝቅ አድርጌ እንዳበራ አሳየኝ። ማኅተም ቀለሙ ቢለቅም ወረቀቱን ይጎዳዋል፤ ጉዳቱ ጥላ ይጥላል። እንዳለኝ አደረግሁ። «ራ»ዋ ወዲያው ጎላች። ከፊቷ «መ» ብቅ አለ። «ማ» አይደለም፤ እግሩ አልረዘመም። ከሱ በፊት ያለው «ሥ» ይሁን «ስ» አይለይም። ከላይ በኩል «ፎቶ» የሚል ቃል ይታያል።

ምስሉን ለጠፍኩት። አሥራ ሰባተኛው ሰው የጻፈው አንድ ቃል ነው፤ አሥመራ።

መልስ 18

የቀድሞ ሚሊሺያ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው። ከታጠቅ ወጥተው አሥመራ የገቡ። አያቴን አያውቁትም፤ እንዲህ ብሎ ቃል መስጠትም አልፈለጉም። ሰዓቱን ግን አወቁት።

ሰዓቱ የፎቶ አንሺው ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነበር። ለቤተሰቡ ፎቶ ሊልክ የመጣ ሚሊሺያ በየተራ ያስረዋል፤ ሲነሳ ፈትቶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ክንድን ደረት ላይ ማጠፍም ያንን ለማሳየት ነው። ሸሚዝ የሚሰጣቸው በልክ ስላልነበረ ሁሉም እጅጌውን ይጠቀልል ነበር። የልጅ ልጃቸው የሳቸውን ፎቶ ለጠፈችው። ክንዱም እጅጌውም እንደ አያቴ ነው። ሰዓቱም ያው ነው፤ ማሰሪያው አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ በክር ተሰፍቷል። የኛን አጉልቼ አየሁት። ክሩ አለ።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። ከተማዋ ተከባ በነበረበት ጊዜ ውሃ በጣም ይቸግር ነበር። እነሱ ከገበሬ ቤት የመጡ ስለሆኑ ዝናብ ሲመጣ ምሽጉን ትተው ሰማዩን ያያሉ፤ ዘር የሚዘራበትን ቀን ይቆጥራሉ። ኅዳር 1971 ከረን እስከተያዘችበት ድረስ ቆይተዋል። አብሯቸው ከሠለጠነው ስንቱ እንደቀረ ሊቆጥሩ ሞክረው ተዉት።

መልስ 19

የአጎቴ ልጅ ተመልሶ መጣ። ቁጣው በርዷል። የማኅተሙን ምስል ለአባቱ እንዲያሳየው ጥርት ያለውን እንድልክለት ጠየቀኝ። ዝክሩን ግን ከየካቲት 26 እንዳናነሳው ለመነ። እኔም ማንሳት አልፈለግሁም። የሞተበትን ቀን አናውቅም፤ በዚያ ቀን ደግሞ ስሙ ከ30 ዓመት በላይ ተጠርቶበታል።

እሑድ እምዬ ጋ ሄድኩ። አሥመራን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ምንም አላለችም። ስለ ሰዓቱ ስነግራት ግን ቀና አለች። በ1980 አዲስ አበባ ስትፈልገው በሰዓቱ ነበር ምልክት ትሰጥ የነበረው። ከምርኮ የገባውን ሁሉ፣ ሰዓት የሚያስር፣ ሸሚዝ የሰፋው ሰው አላያችሁም እያለች ነበር የጠየቀችው።

የሽማግሌውን ፎቶ በስልኬ አሳየኋት። አቅርባ ዓይኗ ድረስ አመጣችው። ማሰሪያው ላይ ያለውን ክር በጣቷ ነካችው። ከዚያ፣ ይሄኛው ቤቱ ገባ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ገብቷል አልኳት። የልጅ ልጅ አይቷል።

እሰይ አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።